ሽንኩርት ለራሱ ሲጠበስ

በእኛ ወጥ ቤት ከሽንኩርት የበለጠ የሚደክም፣ ከሽንኩርት ያነሰ የሚመሰገን ነገር የለም። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ይላጣል፤ ይከተፋል፤ ዘይት ሳይነካው ድስት ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ይቁላላል። በመጨረሻ እንግዳው ይጎርስና «በርበሬው እንዴት ያለ ነው!» ይላል። ቅቤው ይመሰገናል፤ ዶሮዋ ትመሰገናለች፤ እንቁላሉ ይቆጠራል። ሽንኩርቱን የሚያነሳ ሰው ከተገኘ «አልበሰለም፤ ጥርሴ ላይ መጣ» ብሎ የሚወቅስ ነው። የባለሙያ ሴት ምልክቷ ሽንኩርቱን ማጥፋት መቻሏ ነው እየተባልን አድገናል። ማጥፋቱን እኔም ተምሬዋለሁ፤ አልቃወመውም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሽንኩርትን ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ሊጥ አልብሶ በዘይት መጥበስና ከማጥቀሻ ጋር ለብቻው ማቅረብ ለምዶብኛል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ካሰብኩት በላይ ቦታ አገኘ።

የምኖረው ደሴ ነው። የአባቴ ወገኖች ሙስሊሞች፣ የእናቴ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው። ይህ በወሎ ዜና አይሆንም፤ ከአንድ አያት ወጥተው ግማሾቹ መስጊድ ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ የልጅ ልጆች ያሉበት ቤት ሞልቷል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሁሉ ነገር ዘፈን ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ግን መከባበሩ የሚታየው በቢላዋው፣ በድስቱና በጭልፋው ነው። ለሠርግ ድንኳኑ አንድ ሆኖ እርዱ ሁለት ይሆናል፤ ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እንዳይሻገር የሚጠብቅ ሰው ይመደባል። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሳይጠነቀቁለት የቀረ ሰው ነው።

ችግሩ ያለው በትንንሹ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ጀበናው ተጥዶ፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ሳይጠራ ሲሰበሰብ ሁለት ድስት የሚጥድ የለም። የቡና ቁርሱ ሁሉም የሚበላው መሆን አለበት። ለዚህም ቆሎ አለ፤ ፈንዲሻ አለ፤ ንፍሮ አለ፤ እድል ከቀናን አምባሻ አለ። አልናቅኋቸውም። ግን አንዳንድ ቀን ሰው የተጠበሰና ትኩስ ነገር ያምረዋል። የምስር ሳምቡሳ ይህን ሊመልስ ይችላል፤ ሊጡን መዳመጥ፣ መቁረጥ፣ መጠቅለል ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ሽንኩርት ግን ሁልጊዜ በቤት አለ። ረቡዕና ዓርብ አይከለከልም፤ «ማን አረደው?» ብሎ የሚጠይቅበትም የለም። እንቁላልና ወተት ሊጡ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ዘይቱ ሥጋ ያልነካው እንዲሆን፣ አዋዜው በጠጅ ወይም በአረቄ እንዳይበጠበጥ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ትሪው በቤቱ ሁሉ ይዞራል።

ይህ በደንብ የታየኝ በ2017 ዓ.ም. ነው። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ተጀመረ። እናቴ ሥጋውን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን ትታለች፤ የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ቀን ውሃም አይቀምሱም። ሲመሽ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ማዕድ ይዘረጋል። በአንደኛው በኩል ቴምር፣ ሾርባና የሥጋ ሳምቡሳ፣ በሌላው በኩል ሽሮና ምስር። መካከል ላይ የተቀመጠው የሽንኩርት ትሪ ከሁለቱም በኩል እጅ ይዘረጋበት ነበር። አክስቴ መጀመሪያ ያዩት ዕለት ትሪውን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው መረመሩትና «ሽንኩርቱንስ አየሁት፤ ወጡ የታለ?» አሉ።

«ወጥ የለውም አክስቴ፤ ራሱ ነው ምግቡ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ብቻውን ይበላል እንዴ?» አሉና አንዱን አነሡ። ከዚያ ስለ ወጥ አላነሱም።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ደሴ ነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚበላበት የግብር ቤት እንደነበር ይነገራል። የግብሩ ወጥ ስንት ቁና ሽንኩርት እንደፈጀ ግን የጻፈልን የታሪክ ሰው የለም።

ክብ ሽንኩርት መጥበስ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1802 በእንግሊዝ የታተመ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሽንኩርትን በክብ በክብ ቆርጦ፣ ዱቄት፣ ክሬምና የፓርሜዛን አይብ በተቀላቀለበት ሊጥ አልብሶ መጥበስን ያስተምራል። የሚጠበስበት የአሳማ ስብ ነው። እዚህ ላይ ወሎ በአንድ ድምፅ ይስቃል፤ ሌላው ሁሉ ቢለያየን በአሳማው ሁለቱም ወገን ተስማምተናል። ክሬሙና አይቡም በጾም ቀን ይወድቃሉ። ከዚያ መጽሐፍ የሚተርፍልን ማጥቀሻው ነው፤ በቀለጠ ቅቤና በሰናፍጭ ይቅረብ ይላል። ቅቤውን ትቼ ሰናፍጩን ወስጃለሁ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። አሜሪካኖች በኋላ ሙሉውን ሽንኩርት ከሥሩ ሳይለያዩ እንደ አበባ እየቀደዱ መጥበስ ጀምረዋል። ለዓይን ያምራል፤ ቤት ውስጥ ለመሥራት ግን ጥልቅ ድስትና ብዙ ዘይት ይጠይቃል፤ መሃሉም በደንብ አይደርቅም። በዛሬው የዘይት ዋጋ ለአንድ አበባ ያን ሁሉ ማፍሰስ አይታየኝም።

ወደ ገበያው ልሂድ። ደሴ የሚመጣው ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ ከቆላው ነው፤ ከቆቦና ከጊራና ሸለቆ የመስኖ ማሳዎች ጭምር። ገበሬዎች በስፋት የሚዘሩት ቦምቤ ሬድ የሚባለውን ዝርያ ነው። ለዚህ ሥራ የምመርጠው አንገቱ የደረቀውን፣ ስጫነው የማይሰምጠውን፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሸውን ነው። አንገቱ የረጠበ ሽንኩርት ገና ከማሳ መውጣቱ ነው፤ ውሃው ይበዛል፤ ሊጡን ከውስጥ ያርሰዋል። ሻጮቹ ትልልቁን ለይቼ ስለቅም ደስ አይላቸውም፤ ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ለወጥ የሚሆነውን ትንሹንም አብሬ እገዛለሁ። የሐበሻው ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ውሃው ያነሰ። ለክብ አይሆንም። በቀጭኑ ተከትፎ፣ ዱቄት ብቻ ነካ ተደርጎበት ሲጠበስ ግን ትልቁ አይደርስበትም። ሽሮ ላይ ሲነሰነስ ሽሮው የበዓል ይመስላል።

ስለ ማልቀሱ ጥቂት ልበል፤ ሰው ሁሉ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ክብሪት በጥርስ መያዝ፣ ዳቦ አፍ ላይ ማድረግ፣ ሌላም። ሽንኩርት ሳይቆረጥ አያስለቅስም። ሲቆረጥ ሕዋሶቹ ይቀደዱና ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ፤ ከዚያ ዓይን የሚያቃጥለው በቀላሉ የሚተን ጋዝ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ጋዝ የሚሠራውን ኢንዛይም ለይተው አሳውቀዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ቢላዋው የተሳለ ከሆነ የሚቀደደው ሕዋስ ያንሳል፤ ሽንኩርቱ የቀዘቀዘ ከሆነ ጋዙ በዝግታ ይወጣል። ደሴ ለሁለተኛው ትረዳለች፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሌሊቱን በረንዳ ላይ ያደረን ሽንኩርት ከማቀዝቀዣ የወጣ ያስመስለዋል። ክብሪቱን ለክብሪት ሥራ እንተወው።

ውፍረቱ የጣት ግማሽ ያህል ይሁን። ከዚያ የቀጠነው በሊጡ ውስጥ ይጠፋል፤ ማጥፋቱን ደግሞ ለወጡ ትተነዋል። ከዚያ የወፈረው ጥሬ ይቀራል። ክቦቹ ሲለያዩ በእያንዳንዱ ክብ የውስጥ ጎን ላይ እንደ ሐር የቀጠነች ሽፋን ትገኛለች። እሷን በጥፍር ጫፍ ይዞ መግፈፍ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ልጆች ካሉ ለእነሱ የሚሰጥ ሥራ ነው። ካልተገፈፈች ሊጡ አይይዝም። አንድ ጊዜ ሲነክሱት ሽንኩርቱ ከእነ ሽፋኑ ተጎትቶ ይወጣና ባዶ የዱቄት ቀለበት እጅ ላይ ይቀራል። ብዙ ቦታ የሚቀርበው ሽንኩርት ይህን የሚያደርገው ሽፋኗ ስላልተነሳች ነው።

ከዚያ ሽንኩርቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ የሚያቃጥለው ጠባዩ ይለዝባል። ውሃው ላይ ጥቂት ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። የቀይ ሽንኩርትን ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባለው ነገር ኮምጣጣ ሲነካው ይቀላል፤ እንደ ሶዳ ያለ ነገር ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ሎሚ ያልነካው ቀይ ሽንኩርት ሶዳ የበዛበት ሊጥ ውስጥ ሲገባ አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ያላወቀ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። የፈረንጆቹ አሠራር ይህን አያነሳም፤ የእነሱ ሽንኩርት በአብዛኛው ቢጫ ነውና። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ በደንብ መድረቅ አለበት።

ይህን ያህል ስለ ውሃ የምጨነቀው ሽንኩርት ከመቶ ዘጠና የሚጠጋው ውሃ ስለሆነ ነው። በመንገዱ ዳር ከሚጠበሰው ችብስ ጋር የሚለየውም በዚህ ነው። ድንች ስታርች አለው፤ ዘይት ሲነካው የራሱን ቅርፊት ይሠራል። ሽንኩርት ስታርች የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው ስኳርና ውሃ ነው። እንዲሁ ብትጥሉት ከመድረቁ በፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ውሃው እየተነነ የሚወጣበት፣ ዘይቱ ግን የማይገባበት ልብስ።

ልብሱ እንዲህ ነው። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ የነጭ ጤፍ ዱቄት፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት፣ ግማሽ ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ጨው። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያለጥጥ ግሉተን የለውም፤ ጥቂቱ ሲገባ ቅርፊቱ እንደ ዳቦ መለስለሱን ትቶ ይሰበራል። ሽምብራው የእንቁላሉን ቦታ ይሸፍናል፤ ያያይዛል፤ ቶሎ ወርቃማ ያደርጋል። በጾም የሽምብራ ዓሣ የሠራች ሴት ሽምብራ ዘይት ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ማንም አያስተምራትም። ማበጠበጫው የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ነው፤ ልክ ሲደርስ ይከፈታል እንጂ ቀደም ብሎ አይከፈትም። ጋዙ በሊጡ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይያዛል፤ ዘይቱ ሲነካው ይለጠጥና ቅርፊቱን ያሳሳዋል። መጠኑ አንድ ኩባያ ያህል ነው፤ ሊጡ ከእርሾ ወፈር፣ ከአብሲት ቀጠን ይበል። ደግሞ አትምቱት። እኛ ሊጥ ስናይ እጃችን ይነሣል፤ ማሸት፣ መምታት ደማችን ውስጥ አለ። እዚህ ግን በማንኪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ዞር ከተደረገ ይበቃዋል። ጓል ቢኖረውም ይኑረው። የተመታ ሊጥ ግሉተኑ ይነቃና ጎማ ይሆናል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቅ ዱቄት ይነካካል፤ ቀጥሎ ሊጡ ውስጥ ይጠልቃል። ደረቁ ዱቄት ከሌለ ሊጡ ከእርጥቡ ሽንኩርት ላይ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ዘይቱ፤ እዚህ ላይ ደሴ ራሷ ሥራው ውስጥ ትገባለች።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ለማብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብን ሁላችንም እናውቃለን። መጥበስ ላይም ግን ያው ነገር አለ፤ ይህን ሰው አያስበውም፤ ዘይት ከውሃ ጋር ምን አገናኘው ይባላል። ዘይቱን እንደፈለጉ ማጋል ይቻላል። ሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሽንኩርቱ ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ የውስጡ መብሰል ይዘገያል፤ ውጪው ግን ዘይቱ ውስጥ ስለሚቆይ ይቸኩላል። የባሕር ዳርቻ ሰዎች የጻፉት አሠራር 180 ዲግሪ ይላል፤ ያንን እንዳለ የወሰደ ደሴ ላይ ከውጭ የጠቆረ፣ ከውስጥ የሚጮህ ሽንኩርት ያወጣል። በከፍታ ቦታ የሚመከረው በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ዝቅ ማድረግ ነው፤ ለእኛ ከ165 እስከ 170 ይደርሳል። ታናሽ እህቴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ እሷ ያለችበት 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትጠብሳለች። ቁልቁለቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቅም፤ ጃኬት የሚወልቅበት መንገድ ነው፤ ዘይቱም እንደ ሰው ነው።

ቴርሞሜትር በቤቱ ያለው ጥቂት ነው፤ አያስፈልግምም። ጠብታ ሊጥ ጣሉ። ወደ ታች ሰምጦ እዚያው ከቀረ ዘይቱ ገና ነው፤ ሽንኩርቱ ዘይት ይጠጣል። ሳይሰምጥ ላይ ላዩን ሮጦ ወዲያው ከቀላ በዝቶበታል። ወደ መሃል ወረድ ብሎ፣ አረፋ አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ ብቅ ካለ ደርሷል።

የዘይቱ ዓይነትም ጉዳይ አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ሙቀት ይችላል፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ለመጥበስ ጥሩ ነው የሚሉት ትክክል ናቸው። ነገር ግን በደሴ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ እንኳ ይረጋል፤ ሽንኩርቱ ላይም ሲበርድ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ኑግ ደግሞ መዓዛው የራሱ ነው፤ ሽንኩርቱን ይጫነዋል፤ እሱን ለሰላጣና ለተልባ ይተውት። እኔ የሱፍ አበባ ዘይት እጠቀማለሁ። ድስቱ ጠበብ፣ ጠለቅ ያለ ከሆነ ዘይቱ ሦስት ጣት ቢሆን ይበቃል። ከግማሽ በላይ አይሞላም። ክዳን አጠገብ ይኑር፤ ዘይት እሳት ከያዘ የሚከደን እንጂ ውሃ የሚደፋበት አይደለም። መብራት ስለሚጠፋ ብዙ ጊዜ የምጠብሰው በከሰል ነው። ከሰል ለዚህ ሥራ መጥፎ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ሙቀቱ አይዋዥቅም፤ ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ አመድ ነስነስ ይደረግበታል።

ሦስት ወይም አራት ክብ ብቻ በአንድ ጊዜ። ቸኩሎ የሞላ ሰው ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። ሲገባ ቸስ ይላል፤ ይንጣጣል፤ አረፋው ይበረታል። ያ አረፋ ዘይቱ መፍላቱ አይደለም፤ ከሽንኩርቱ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ዓይናችሁ ቀለሙ ላይ ይሁን፤ ጆሯችሁን ግን አትርሱ። ድምፁ ከከባድ ዝናብ ወደ ካፊያ ሲወርድ የሚወጣው ውሃ ቀንሷል ማለት ነው፤ ቅርፊቱም ይጸናል። ጆሮ የሚበልጥበት ጊዜ ደግሞ አለ። በረመዳን መግሪብ ከመድረሱ በፊት የሚጠብሰው ሰው ጾመኛ ነው፤ እንደልቡ ቀምሶ ማየት አይችልም። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሡ፣ «አውጪው፤ ዝም አለ» ይላሉ። ጨዉን ስጠራጠር ደግሞ «አብሽሪ ልጄ፤ የጎደለውን ማጥቀሻው ይሞላዋል» ነው መልሳቸው። ይህን ካሉኝ ወዲህ ሊጡ ላይ ጨው አላበዛም። የበዛ ጨው የሚያወጣው የለም።

ሲወጣ ወረቀት ላይ መከመር ሁሉን ያበላሻል። እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ከሥር ያለው ይላቆጣል። ሽቦ ወንፊት ካለ ጥሩ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ የማምነው ሰፌድን ነው። ሣሩ አየር ያስገባል፤ ዘይቱንም ይመጥጣል። ለዚህ ብቻ የተለየ አሮጌ ሰፌድ አለኝ፤ አዲሱን ብነካ እናቴ ዝም አትለኝም። ከክረምቱ ጭጋግ ጋር ግን ሰፌድም አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ደመናው በመስኮት ሲገባ ማንኛውም የሚቆረጠም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ሽንኩርቱን አውጥቶ፣ ጥቂት አሳርፎ፣ ልክ ሲቀርብ ለአፍታ ዘይት ውስጥ መመለስ ነው።

ማጥቀሻው ላይ ጊዜ መስጠት ደስ ይለኛል። ሰናፍጭ የሚገባውን ክብር ያጣ ነገር ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው በጾም ብቻ፣ ያውም አፍንጫውን ይዞ። ፍሬው እንዳለ አይሸትም፤ አያቃጥልም። ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ግን ውስጡ ያለው ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሥራውን ይጀምርና ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ይወለዳል። ልክ እንደ ሽንኩርቱ፣ ሳይነኩት ዝም ያለ ነው። ሙቅ ውሃ ከፈሰሰበት ኢንዛይሙ ይሞትና መራራ ሊጥ ይቀራል። ሎሚውም ቀድሞ ከገባ ሥራውን ያቆመዋል። ስለዚህ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሼ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከድኜ እተወዋለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ዓይን ከተሰነፈጠ ደርሷል። ያን ጊዜ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዘይት ይገባበታል። ዘይቱን ቀስ በቀስ እያንጠባጠቡ ከመቱት ወፍሮ ነጣ ይላል፤ እንቁላል ያልነካው ማዮኔዝ ይመስላል። ትኩሱን ሽንኩርት እዚያ ውስጥ ጠቅሶ ያልተነፈሰ እንግዳ አላየሁም።

አዋዜው ቀላል ነው። በርበሬ፣ የሎሚ ውሃ፣ ጥቂት ዘይት፣ ቁንጥር ስኳር፤ ፈልቶ በበረደ ውሃ ይቀጥናል። ጠጅ የለመደ ሰው ይጎድለዋል፤ ሎሚው ካልተሰሰተበት ግን ጉድለቱን አያስታውሰውም። በፍስክ ቀን እርጎ በጨርቅ አጥልሎ ከነጭ ሽንኩርትና ከተከተፈ ቃሪያ ጋር መደባለቅ ይቻላል። ልጆች ካቻፕ ይፈልጋሉ፤ ይሰጣቸው።

አንድ ነገር ላይ ግትር ነኝ። ይህ ምግብ አይጠብቅም። ሙሉውን ጠብሶ፣ በትሪ ደርድሮ፣ እጅ አስታጥቦ፣ ጸሎት አድርጎ ማቅረብ የእንግዳ አቀባበላችን ወግ ነው፤ ለሽንኩርት ግን አይሠራም። አሥር ደቂቃ ካለፈው ቅርፊቱ ከውስጥ ይርሳል። ሆቴል ውስጥ ታዝዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቅር የሚያሰኘን ለዚህ ይመስለኛል፤ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ያለው መንገድ ረዥም ነው። እኔ ሰዉን ወደ ምድጃው አመጣዋለሁ። ረከቦቱም እዚያው ይቀርባል። መጀመሪያ የወጡት ለትልልቆቹ ይሰጣሉ፤ ቀጣዮቹን ልጆች ይሻሙባቸዋል። አቦሉ እስኪቀዳ የመጀመሪያው ሰፌድ ባዶ ይሆናል፤ ቶናው ላይ ሌላ ይጠበሳል። በረካ ላይ ግን አልጠብስም፤ ያን ጊዜ አክስቴ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እናቴም አሜን ትላለች፤ ዘይት እየተንጣጣ አይሆንም። እንግዳ እንደ ሥርዓቱ ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቅ የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። እነሱ የላላ ሽንኩርት ይበላሉ።

ከክቦቹ መሃል የሚተርፉት ትንንሾቹ ልቦች አይጣሉም። ጠዋት ተከትፈው የሽሮው ቁሌት ይሆናሉ። ዘይቱ ሲበርድ በጨርቅ ይጠለላል፤ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ገና ሳይግል ማጨስ ከጀመረ፣ ከጠቆረ ወይም አረፋው አልበርድ ካለ ዕድሜው አልቋል፤ ይደፋል። ጠርሙሱ ላይ «የሽንኩርት ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ። የጻፍኩት በትልልቅ ፊደል ነው፤ ከሐይቅ ዓሣ ባመጣ ቁጥር ያገኘውን ዘይት አንሥቶ የሚጠብስ ወንድም አለኝ።